ቁመት ብቻውን ተጫዋች አያደርግም

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ ሳምንት ስለ ስፖርት ጥቂት ቃል እንድናገር የበዓሉ ኮሚቴ ሲጠይቀኝ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ስፖርት ጥቅም በጠቅላላው ለመናገር ነበር። ነገር ግን ስፖርት ለጤና ይበጃል፣ አእምሮን ያነቃል የሚለውን ቃል ሁላችሁም ከአንደኛ ክፍል ጀምራችሁ የሰማችሁት ስለ ሆነ፣ ደግሜ ባሰማችሁ ምስጋና የማገኝበት አይደለም። ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት እናት ወደ እኔ መጥተው የጠየቁኝን ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ።

የእኒህ እናት ልጅ የ16 ዓመት ልጅ ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር አልፎአል፤ ኳስ መጫወት ከጀመረ ግን ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። እናቱ እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፣ ልጅሽን ውጭ አገር ወስጄ በኳስ እንጀራ እንዲበላ አደርገዋለሁ የሚል ሰው መጥቶብኛል። ለወረቀቱ ማስጨረሻ ደግሞ ገንዘብ አምጪ ይለኛል። እርስዎ ልጁን በየቀኑ ያዩታል። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከዚህ ልጅ ተጫዋች ይወጣል ወይስ አይወጣም?»

በዚያን ቀን መልስ አልሰጠኋቸውም። ያልሰጠሁበትም ምክንያት ከዚህ ቀደም ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ፈጥኜ መልስ ሰጥቼ ስለ በደልሁ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በሌላ ስፍራ ሳስተምር፣ ከክፍል ጓደኞቹ ሁሉ በራስ የሚበልጥ አንድ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን በሜዳው ላይ ጓደኞቹ እየሰሙ «አንተማ ወደፊት አሜሪካ ነህ» አልሁት። ያየሁት ቁመቱን ብቻ ነበር። እጁ ኳስ ይይዝ እንደ ሆነ፣ እግሩ ይታዘዘው እንደ ሆነ፣ ልቡ ጨዋታውን ይወድ እንደ ሆነ አልመረመርሁም። ልጁ ግን ቃሌን አመነ። ደብተሩን ጣለ፤ ፈተናውንም ወደቀ። ኳሱም እንዳሰብሁት አልሆነለትም። በኋላ የማታ ትምህርት ተምሮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሥራ ይዞ ቤተ ሰብ ያስተዳድራል። ካንድ ሁለት ዓመት በፊት መንገድ ላይ አገኘኝና፣ ከሰላምታ በኋላ እየሣቀ፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ቁመቴን ባያዩብኝ ኖሮ አምስት ዓመት አልዘገይም ነበር» አለኝ። እርሱ ሣቀ እንጂ እኔስ አልሣቅሁም።

እንግዲህ ዛሬ የማነሣው ነገር ይህ ነው፤ ገና ያልተሠራ ረጅም ወጣት ባየን ጊዜ፣ ወደፊት ሙያተኛ ተጫዋች ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም ብለን ለመፍረድ ምን ማየት ይገባናል? ምሳሌዎቼን የምወስደው ኤን ቢ ኤ ከሚባለው ከአሜሪካ የሙያተኞች የቅርጫት ኳስ ውድድር ነው። የእነዚያ ተጫዋቾች ታሪክ በግልጽ ተጽፎ ይገኛልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ የበሩን ስፋት ላሳያችሁ። በኤን ቢ ኤ ውስጥ 30 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛ ውል ሊይዝ የሚችለው 15 ተጫዋቾችን ነው። ይህ ሲባዛ 450 ይሆናል። ከዓለም ዙሪያ የሚመጡት ልጆች ሁሉ የሚሻሙት እነዚህን 450 ወንበሮች ነው። ድራፍት በሚባለው ዓመታዊ ምርጫ የሚጠሩት አዲሶች ከ60 አይበልጡም፤ ከተጠሩትም ውስጥ ብዙዎቹ ጸንተው አይቆዩም። ከዚህም በላይ ከ2006 ዓ.ም. ምርጫ ጀምሮ፣ በምርጫው ዓመት 19 ዓመት የማይሞላው ልጅ አይመረጥም። ስለዚህ ለ16 ዓመት ልጅ ነገ ኤን ቢ ኤ አስገባሃለሁ የሚል ሰው ቢኖር፣ ወይ ደንቡን አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ያታልላል። በእርግጥ በኳስ እንጀራ የሚበላው በአሜሪካ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በእስያ የታወቁ ውድድሮች አሉ። በእኛም ክፍለ ዓለም በ2021 ዓ.ም. የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ በ12 ክለቦች ተጀምሮአል። ሆኖም በየትኛውም ቦታ ቢሆን በሩ ጠባብ መሆኑን አንርሳ።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ቁመት ዓይናችንን የሚስብበት ምክንያት ግልጽ ነው። የቅርጫቱ ቀለበት ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ወደዚያ የቀረበ እጅ ኳስ ለማግባትም፣ የሌላውን ኳስ ለመከልከልም፣ ከሰሌዳው ነጥሮ የሚመለሰውን ለመያዝም ይቀለዋል። ነገር ግን ወደ ቀለበቱ የሚደርሰው ራስ ሳይሆን እጅ መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች ከቁመት ይልቅ ልጁ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ሁለቱን ክንዶቹንም ወደ ጎን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት እንደሚሆን ይለካሉ። ፈረንሳዊው ሩዲ ጎቤር በ2013 ዓ.ም. በተለካ ጊዜ የክንዶቹ ስፋት ወደ 2 ሜትር ከ35 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ መራጮቹ አልተቀላጠፈም ብለው 26 ሰዎች ካለፉ በኋላ በ27ኛ ተራ ጠሩት። እርሱም በኋላ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚባለውን ሽልማት አራት ጊዜ ወሰደ።

እንዲህ ከሆነ ረጅሙንና ክንደ ሰፊውን ብንመርጥ አንሳሳትም የሚል ይኖር ይሆናል። ለእርሱ የማሳየው ሁለተኛ ታሪክ አለ። ሐሺም ታቢት የሚባለው ወጣት የተወለደው በዳሬ ሰላም ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ21 ሳንቲ ሜትር ነው። ኳስ የጀመረው በ15 ዓመቱ ገደማ ሲሆን፣ በአሜሪካ በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት በጨዋታ በአማካይ ከአራት የሚበልጡ ኳሶችን በአየር ላይ ይከለክል ነበር። በ2009 ዓ.ም. የሜምፊስ ቡድን በሁለተኛ ተራ መረጠው። ከእርሱ በኋላ በሦስተኛ ተራ ጄምስ ሃርደን፣ በሰባተኛም ስቴፈን ከሪ ተጠሩ። ታቢት በኤን ቢ ኤ የቆየባቸው ዓመታት ሲደመሩ፣ በጨዋታ በአማካይ 2.2 ነጥብና 2.7 ሪባውንድ ብቻ ሆኑ። በመጀመሪያው ዓመቱ እንኳ ልምምድ እንዲያገኝ ወደ ታችኛው ሊግ ተልኮ ነበር። ይህን የምናገረው ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከታንዛኒያ ተነሥቶ በዚያ መድረክ የቆመ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነውና ክብር ይገባዋል። እኔ የምለው ስለ መራጮቹ ነው። በዩኒቨርሲቲ ከእርሱ በጣም የሚያጥሩ ልጆች በፊቱ ነበሩ፤ በሙያተኞች ዘንድ ግን ቁመቱን የሚቀራረቡ፣ በጉልበት የሚበልጡትና እግራቸው የፈጠነ ሰዎች ቆመው ጠበቁት። ቁመት ትርፍ የሚሆነው ሌላው ሰው ሲያጥር ነው። ሁሉም ረጅም በሆነበት ቦታ ግን ሌላ ነገር ይጠየቃል።

ያ ሌላ ነገር ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት አምስት ነው።

አንደኛው እግርና እጅ ነው። ሐኪም ኦላጁዋን በ1963 ዓ.ም. በሌጎስ ተወለደ። በልጅነቱ የሚጫወተው እግር ኳስና የእጅ ኳስ ነበር፤ በእግር ኳስም በር ጠባቂ ነበር። ቅርጫት ኳስን የነካው በአሥራዎቹ ዓመታት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። በ1980 ዓ.ም. ወደ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ስሙን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበለው አልተገኘም፤ በታክሲ ነው የሄደ። የጨዋታውን ደንብ እንኳ ገና በደንብ ያላወቀውን ይህን ልጅ ያየ ሰው ምን ማየት ነበረበት? በር ጠባቂ ሆኖ የኖረ ልጅ ኳሱ ሳይደርስ ወዴት እንደሚመጣ መገመት ለምዶአል። እጁም የሚመጣውን ኳስ ይይዛል፤ እግሩም በጠባብ ቦታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር ያውቃል። ኦላጁዋን በኋላ የዓለምን ተከላካዮች ያሳሳተበት የእግሩ አካሄድ በሌጎስ ሜዳ የተዘራ ነበር። ከዚህ ብዙ ዘመን በኋላ ከካሜሩን የተገኘው ጆኤል ኤምቢድም እንዲሁ አስቀድሞ መረብ ኳስ ተጫዋች ነበር። ስለዚህ ረጅም ልጅ ስታዩ «ስንት ሜትር ነህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ከዚህ በፊት ምን ትጫወት ነበር?» በሉት።

እግሩ የማይታዘዝለት ልጅስ ተስፋ የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ጆርጅ ማይከን የሚባለው አሜሪካዊ ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር፣ መነጽሩ ወፍራም፣ እርምጃውም የማያምር ነበር። የአንድ ሌላ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ፈትኖት መልሶ ሰዶታል። በ1942 ዓ.ም. ግን ሬይ ሜየር የተባለ ወጣት አሠልጣኝ በሺካጎ በዲፖል ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። ገመድ አዘለለው፤ ቦክስ አስለመደው፤ እግሩ እንዲፈታ ዳንስ እንኳ አስጠናው። ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ አንድ ጊዜ በቀኝ እጁ፣ አንድ ጊዜ በግራ እጁ ሳያቋርጥ እንዲያገባ በየቀኑ አደከመው። ይህ ልምምድ እስከ ዛሬ «የማይከን ልምምድ» እየተባለ በየአገሩ ይሠራበታል፤ እናንተም በሜዳችን ላይ ሠርታችሁታል። ማይከን ከሚኒያፖሊስ ቡድን ጋር ከ1949 እስከ 1954 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አምስት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከቅርጫቱ ሥር ያለው የተከለከለ ቦታ በ1951 ዓ.ም. ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ እንዲሰፋ የተደረገው በእርሱ ምክንያት ነው። እንግዲህ እግር ይማራል፤ ነገር ግን የሚያስተምር ሰውና የሚታገሥ ተማሪ ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው የመማር ፍጥነት ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመለከተው ይህን ነው። ገና ያልተሠራ ልጅ ዛሬ የሚያደርገው ነገር ብዙ አይነግረንም። የሚነግረን በዛሬውና በስድስት ወር በኋላው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኦላጁዋን የመጀመሪያውን ዓመት ልምምድ ብቻ እየሠራ አሳለፈ። ከዚያ በኋላ በተሰለፈባቸው ሦስት ዓመታት በጨዋታ ያገባው ነጥብ በአማካይ መጀመሪያ 8.3፣ ቀጥሎ 13.9፣ በመጨረሻም 16.8 ሆነ። የሚይዘው ሪባውንድም ከ6.2 ወደ 11.4፣ ከዚያም ወደ 13.5 ወጣ። በ1981 ዓ.ም. ያየው ሰው ጥሩ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል፤ ሦስቱን ዓመታት አስተያይቶ ያነበበ ግን መንገዱን ያያል። በ1984 ዓ.ም. የሂዩስተን ቡድን በአንደኛ ተራ መረጠው፤ በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ዋንጫ አስገኘለት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለሁሉም የታወቀ ነው። ዳኛ የሚሆን ሰው ግን እንቁላሉን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ «ይህ እግር የለውም» ብሎ እንዳይሄድ ይጠንቀቅ።

ሦስተኛው ከማን ጋር ተጫወተ የሚለው ጥያቄ ነው። ኦላጁዋን በበጋ ዕረፍቱ በሂዩስተን ከተማ ከሞዝስ ማሎን ጋር ይታገል ነበር። ማሎን በዚያን ጊዜ ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ተብሎ የተሸለመ ጠንካራ ሰው ነው። እየገፋው፣ እየጣለው፣ እያሸነፈው አስተማረው። አሁን ከዚህ ጋር ሌላ ታሪክ አስተያዩ። ማይክል ኦሎዎካንዲም የተወለደው በሌጎስ ነው፤ ያደገው ግን በሎንዶን ነው። ቁመቱ እንደ ኦላጁዋን 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቅርጫት ኳስን የጀመረው ከእርሱም ዘግይቶ ነው። በ1995 ዓ.ም. ራሱ ስልክ ደውሎ በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በመጨረሻው ዓመት በጨዋታ በአማካይ ከ22 የሚበልጥ ነጥብ አገባ። በ1998 ዓ.ም. ከሁሉ አስቀድሞ በአንደኛ ተራ ተመረጠ፤ ዲርክ ኖቪትስኪ በዘጠነኛ፣ ፖል ፒርስም በአሥረኛ ተራ የተጠሩት በዚያው ቀን ነው። ኦሎዎካንዲ በዘጠኝ የውድድር ዓመታት 500 ጨዋታ ተጫወተ፤ አማካዩም 8.3 ነጥብና 6.8 ሪባውንድ ሆነ። 500 ጨዋታ መጫወት የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከአንደኛ ምርጫ የተጠበቀው ይህ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ነጥብ የተገኘው ብርቱ ረጃጅሞች በማይበዙበት ውድድር ነበር። በተጨማሪም በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል በተነሣው ክርክር የመጀመሪያው የውድድር ዓመቱ ወደ 50 ጨዋታ አጠረ፤ መማር በሚያስፈልገው ጊዜ የመማሪያው ወራት ባከኑበት። በኋላም ጉልበቱን ታመመ። ስለዚህ አንድ ልጅ 30 ነጥብ አገባ ሲሉአችሁ «በማን ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ከሁሉ የሚረዝም ልጅ እጁን ብቻ ቢያነሣ ያገባል። ያ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

አራተኛው ጤና ነው። ረጅም አካል ከባድ ሕንፃ ነው፤ የሚቆመውም በሁለት እግር ላይ ነው። ግሬግ ኦደን በ2007 ዓ.ም. ኬቪን ዱራንትን ቀድሞ በአንደኛ ተራ ተመረጠ። ማንም ሰው ችሎታውን አልተጠራጠረም። ነገር ግን ጉልበቱ ደጋግሞ ተጎዳና በኤን ቢ ኤ ዘመኑ ሁሉ የተጫወተው 105 ጨዋታ ብቻ ነው። ቅድም ያነሣሁት ኤምቢድ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በሦስተኛ ተራ ከተመረጠ በኋላ በእግሩ አጥንት ስብራት ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሰለፍ ቆየ። በሦስተኛው ዓመት 31 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። እንዲህም ሆኖ በ2023 ዓ.ም. የሊጉ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። ከሁለቱ ታሪክ የምንማረው ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችለው ነገር መኖሩን ነው። የሚቻለው ግን አለ። ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ጉልበቱን አመመኝ ሲል «ወንድ ልጅ አያማርርም» ብሎ ማሰለፍ ነውር ነው። ዕረፍት፣ በቂ ምግብና ሐኪም የሥልጠናው ክፍል ናቸው።

አምስተኛው ዓይንና ፍቅር ነው። ዓይን ያልሁት ጨዋታውን ማንበብን ነው። ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች ወጣት ሳለ ሰውነቱ የወፈረ፣ ከመሬት ብዙ የማይነሣ ልጅ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዴንቨር ቡድን የጠራው በ41ኛ ተራ ነው። ነገር ግን ጓደኛው ወዴት እንደሚሮጥ ከጓደኛው አስቀድሞ ያያል። በ2021፣ በ2022 እና በ2024 ዓ.ም. የሊጉ ኮከብ ሆነ፤ በ2023 ዓ.ም. ዋንጫ ወሰደ። አርባ ጊዜ ስሙ የታለፈው የሚለካው ነገር ስላነሰ ነው፤ ዓይን በሜትር አይለካምና። ፍቅር ያልሁት ደግሞ ማንም ሳያዝዘው ልጁ ብቻውን ሜዳ ላይ መገኘቱን ነው። ረጃጅም ልጆች ብዙ ጊዜ ወደ ኳስ የሚመጡት ወደው ሳይሆን ሰው ስለሚገፋቸው ነው። «አንተ ይህን ያህል ረዝመህ እንዴት ኳስ አትጫወትም?» ይባላሉ። የልጁን ምኞት ከሰፈሩ ምኞት ለይቶ ማየት የአስተማሪና የወላጅ ፈንታ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ዲኬምቤ ሙቶምቦ ሳልናገር አላልፍም፤ በተለይ ለእናንተ ለተማሪዎች የሚሆን ታሪክ ነውና። ሙቶምቦ የኪንሻሳ ልጅ ነው። በ1987 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ ወደ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሄደው ለኳስ አልነበረም፤ ሐኪም ለመሆን በነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ቁመቱን ያየው አሠልጣኝ ጆን ቶምሰን ወደ ሜዳ ጠራው። እንግሊዝኛው ገና ደካማ ስለ ነበረ ቋንቋውን እያጠና፣ ኳሱንም እየተማረ፣ በ1991 ዓ.ም. በቋንቋ ጥናትና በዲፕሎማሲ ተመረቀ። በዚያው ዓመት የዴንቨር ቡድን በአራተኛ ተራ መረጠው። እስከ 2009 ዓ.ም. ተጫውቶ አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ። ሐኪም ባይሆንም በ2007 ዓ.ም. በኪንሻሳ በእናቱ ስም 300 አልጋ ያለው ሆስፒታል አስከፈተ። በ2024 ዓ.ም. በ58 ዓመቱ ሲያርፍ ዓለም ያዘነለት ስለ ከለከላቸው ኳሶች ብቻ አልነበረም። ይህ ሰው ኳሱ ባይሳካለት ኖሮ እንኳ የሚቆምበት ሌላ እግር ነበረው። ልጆቼ፣ በሁለት እግሩ የሚቆም ሰው ሲገፉት በቀላሉ አይወድቅም።

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ ከቈጠርሁ በኋላ እኔ ራሴ የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፤ ያልተሠራ ልጅን ፈጥኖ ማወደስም፣ ፈጥኖ መጣልም አንድ ዓይነት ጥፋት ነው። በሺዎች ገንዘብ የሚከፈላቸው፣ ሐኪምና መለኪያ ያላቸው መራጮች ታቢትን ከከሪ፣ ኦሎዎካንዲን ከኖቪትስኪ አስቀድመዋል፤ ዮኪችንም አርባ ጊዜ አልፈውታል። እነርሱ ሲሳሳቱ ለቡድናቸው አንድ የምርጫ ተራ ይከስራል። እኛ አስተማሪዎችና ወላጆች ስንሳሳት ግን የሚከስረው የልጁ ዕድሜ ነው። ስለዚህ የእኛ ጥንቃቄ ከእነርሱ ይልቅ መብለጥ አለበት።

ለእኒያ እናት የሰጠኋቸውን መልስ አሁን ልንገራችሁ። በሳምንቱ አስጠርቻቸው እንዲህ አልኋቸው፤ «እናቴ፣ ተጫዋች ይወጣል ብዬ ብነግርዎ እዋሻለሁ፤ አይወጣም ብልዎም እዋሻለሁ። ዛሬ በልጅዎ ላይ የማየው መልካም እጅና ጥሩ ጠባይ ነው፤ እግሩ ገና ነው፤ ጨዋታውንም ገና አያነብም። ይህን ደብተር ከፍቻለሁ። ከ20 ቅብብል ስንቱን በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ ያዘ፣ በቅጣት ምት ከ20 ስንቱን እንዳገባ፣ በግራ እጁ ስንት ጊዜ እንደ ተሳካለት በየወሩ እጽፋለሁ። ጎን ለጎንም የሒሳብና የእንግሊዝኛ ውጤቱን እጽፋለሁ። ከስድስት ወር በኋላ አብረን እናነበዋለን። ያን ሰው ደግሞ እነዚህን ነገሮች በጽሑፍ ይስጥዎ፤ ልጁ የሚገባበት ትምህርት ቤት የትኛው ነው? ክፍያውን የሚከፍለው ማን ነው? በዚያ አገር ኀላፊነቱን የሚወስድለት ማን ነው? እግሩ ቢሰበር የሚያሳክመው፣ ኳሱ ባይሆን የሚያስተምረው ማን ነው? ይህን ሳያሳይዎ አንድ ሳንቲም አይስጡት።»

እናትየዋም እንዳልኋቸው አድርገው ጥያቄዎቹን በወረቀት ሰጡት። ሰውየው እመለሳለሁ ብሎ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ግን አልተመለሰም። ልጁ ግን በየማለዳው ከደወል በፊት በሜዳው ላይ ነው። የማይከንን ልምምድ ይሠራል፤ ገመድ ይዘላል። ደብተሩም እየሞላ ነው። ወዴት እንደሚደርስ አላውቅም፤ ባለፈው ወርና በዚህ ወር መካከል ያለውን ልዩነት ግን አውቃለሁ፤ ለአሁኑ የሚበቃኝም ይኸው ነው።

በመጨረሻም ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቃል ልተው። ወላጆች ሆይ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዲሉ፣ ገና ባልተገኘ ገንዘብ ቤት አትሥሩ፤ ነገር ግን የልጃችሁን ሕልም በሣቅ አትግደሉ። ባልደረቦቼ መምህራን፣ በሜዳ ላይ የምንናገራት አንዲት ቃል ለሃያ ዓመት ልትቆይ እንደምትችል እናስብ። ተማሪዎች ሆይ፣ ረጅሙን ጓደኛችሁን በማለዳ ስታዩት «አሜሪካ መቼ ነህ?» ብላችሁ አትጥሩት። ኳሱን አቀብሉት፤ ሲስት መልሳችሁ አቀብሉት፤ ማታም አብራችሁት አጥኑ። እርሱን ማሠልጠን የእኔ ብቻ ሳይሆን የእናንተም ሥራ ነው።

 ትምህርት ቤታችንን እግዚአብሔር ይባርክ፤ ለከርሞው በዓል በሰላም ያድርሰን።